«ካልጠፋ አጥፋ»፤ በአንድ የላንድሮቨር መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በጎንደር ከተማ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው ጎዳና ዳር ካሉት ጋራዦች በአንደኛው ውስጥ፣ ጠርዙ የተበላና በቅባት የወዛ፣ በታይፕ ተመትቶ የተባዛ ባለ 36 ገጽ ጥራዝ ይገኛል። ይዘቱ የነባር ላንድሮቨር መኪና የአነዳድና የአያያዝ መመሪያ ሲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። የተርጓሚው ስምም ሆነ የተተረጐመበት ዘመን አልተመለከተበትም። የጋራዡ ባለቤት እንደሚሉት ጥራዙ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ክፍል የወጣ ነው፤ ቅጂዎቹም በዳባትና በደባርቅ ባሉ ሾፌሮች እጅ ይገኛሉ። ይህ ጸሐፊ ጥራዙን ለሦስት ቀን ተውሶ ካነበበው በኋላ፣ ስለ መብራቶች በሚናገረው ክፍል ላይ አስተያየቱን በዚህ መጽሔት ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትርጉም ቢሳሳት የሚጐዳው አንባቢውን ብቻ ነው፤ ይህኛው ግን የሚነበበው የመኪና ቁልፍ በእጅ ተይዞ ነው።

ስለ መንገዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው ጎዳና አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ አንዱ ቅርንጫፍ ጣሊያን በወረራው ዘመን በጠረበው መንገድ ከወልቀፊት ወደ ሊማሊሞ ገደል ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፍና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የቧሂትን በር ይሻገራል። ሁለት መኪኖች በጠባቡ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ እየነዳ ሰፊ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ይህም በክረምት ጉም ውስጥ፣ አንዳንዴም በምሽት ይሆናል። እንዲህ ባለ ስፍራ የኋላውን የሚያሳይ መብራትና በሾፌሩ ፊት ያሉት ትናንሽ መብራቶች ጌጥ አይደሉም። ስማቸውን በትክክል ማወቅም እንዲሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለሂሱ ርእስ ወደ ሆነው ዐረፍተ ነገር እንሂድ። መመሪያው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ስለሚቀር መብራት ሲናገር፣ «ካልጠፋ አጥፋ» ይላል። በእንግሊዝኛው የታሰበው ግልጽ ነው፦ ትንሹ መብራት በርቶ ከቀረ ሞተሩ ይቁም ማለት ነው። በአማርኛው ግን «ጠፋ» የሚለው ግስ ሁለት ጌቶችን ያገለግላል። መብራት ይጠፋል፤ ሞተርም ይጠፋል። ሁለቱም አነጋገሮች የጠሩ አማርኛ ናቸው፤ ችግሩ የሚመጣው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ባለቤትና ያለ ተሳቢ ጐን ለጐን ሲቆሙ ነው። አማርኛ ተሳቢውን ሳይጠራ ማለፍ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰሚው ግሱን በቅርብ ለተጠራው ስም ይሰጠዋል። በቅርብ የተጠራው ደግሞ መብራቱ ነው። ስለዚህ ተራ አንባቢ ከዚህ ዐረፍተ ነገር የሚረዳው፣ መብራቱ በራሱ ካልጠፋ እርሱ ራሱ እንዲያጠፋው መታዘዙን ነው።

ይህ የሰዋስው ተማሪ ጨዋታ እንዳይመስል የጋራዡ ባለቤት የነገሩኝን ልጨምር። አንድ ወጣት ሾፌር ሞተሩ ተጣብቆ የቆመ ላንድሮቨር በሌላ መኪና አስጐትቶ ያመጣላቸዋል። የዘይቱ መብራት አልበራም ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ «ጋሼ፣ በርቶ ነበር፤ አልጠፋ ሲል መጽሐፉ እንደሚለው አምፖሉን ነቅዬ አጠፋሁት» አላቸው። ልጁን ሊቆጡት እንደማይችሉ የተረዱት ጥራዙን ካዩ በኋላ ነው። እኔም ጥራዙን ያየሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። የተርጓሚው ጥፋት የቃል ድህነት አይደለም፤ አንድ ቃል መቆጠቡ ነው። «ሞተሩን» የሚለው ቢገባ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀለም ጉዳይ ነው። ተርጓሚው በመግቢያው ላይ በሾፌሩ ፊት ያሉትን መብራቶች በአንድነት «ቀይ የአደጋ መብራቶች» ብሎ ሰይሟቸዋል። በዛሬው መኪና ይህ ብዙም አያሳስት ይሆናል። ነገር ግን መመሪያው የሚናገርለት መኪና የዛሬ አይደለም። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ ሲሪስ 2 በ1958፣ ተከታዩ ሲሪስ 2ኤ በ1961፣ ሦስተኛው ትውልድ ሲሪስ 3 ደግሞ በ1971 ወጡ። በሲሪስ 2 እና በ2ኤ ላይ የዲናሞው መብራት ቀይ ሲሆን የዘይቱ አረንጓዴ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስብ፦ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ማቆምን የሚጠይቀው መብራት፣ በመንገድ ሕግ «እለፍ» በሚለው ቀለም ይበራል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በአይ.ኤስ.ኦ. 2575 የመብራቶቹን ሥዕላዊ ምልክትና ቀለም ወጥ ያደረገው ኋላ ነው። ተርጓሚው በእጁ ያለውን መኪና ሳይመለከት ለሁሉም «ቀይ» የሚል ቅጽል ስለ ሰጠ፣ አረንጓዴው መብራት ከብያኔው ውጭ ቀረ፤ ሾፌሩም አረንጓዴ ሲያይ ደኅና ነኝ ብሎ ቢያልፍ የሚወቅሰው አይኖርም። ለስያሜ ሠራተኛ የሚጠቅመው ነገር፣ ቀለም የዕቃው ጠባይ እንጂ የሥራው መግለጫ አለመሆኑ ነው። ፋብሪካው ብርጭቆውን የለወጠ ዕለት ስሙ ይከዳል።

የዘይቱ መብራት ስም ራሱ ሌላ ጉድለት አለበት። መመሪያው «የዘይት መብራት» ይለዋል፤ ሾፌሮቻችንም እንዲሁ። በንግግር ይህ ስም አጭርና ምቹ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ስም በንግግር መኖሩና በመመሪያ ውስጥ የብያኔን ቦታ መያዙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ መብራት የዘይቱን መጠን አይለካም። በሞተሩ የዘይት መተላለፊያ ላይ የተሰካ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋና በግፊቱ ኃይል የኤሌክትሪኩን መስመር ይከፍተዋል፤ መብራቱም ይጠፋል። ግፊቱ ሲወርድ መስመሩ ይዘጋል፤ መብራቱም ይበራል። ግፊት የሚወርደው ዘይት ሲያንስ ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ ሲያረጅ፣ ኩሽኔት ሲበላ፣ ዘይቱ ከሙቀት ብዛት ሲቀጥንም ይወርዳል። ስሙ «የዘይት» ብቻ ሲሆን ሾፌሩ ዘይት ጨምሮ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ግፊቱ ግን አልተመለሰም። መመሪያው በዚህ ላይ «ሲበራ ዘይት ጨምር» የሚል ትእዛዝ አክሎበታል፤ ይህን ከእንግሊዝኛው ያገኘው አይመስለኝም፤ ስሙ ራሱ ወደ ስሕተቱ መርቶታል። በትምህርት ቤት የፊዚክስ መጻሕፍት «ግፊት» የሚለው ቃል ከተለመደ ዓመታት አልፈዋል። «የዘይት ግፊት» ለማለት የሚከለክለን አንዳች ነገር የለም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «የባትሪ መብራት» የተባለው ነው። እዚህ ላይ ስሕተቱ ይበልጥ የረቀቀ ስለሆነ የመሣሪያውን አሠራር ማየት ግድ ይላል። የዚህ መብራት አንደኛው ጫፍ በቁልፉ በኩል ከባትሪ ጋር፣ ሌላው ጫፍ ከዲናሞው ጋር ይገናኛል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ኃይል ከባትሪው በመብራቱ በኩል ወደ ዲናሞው ያልፋል፤ ስለዚህ ይበራል። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው የባትሪውን ያህል ቮልት ሲያመነጭ በሁለቱ ጫፎች መካከል ልዩነት አይኖርም፤ ልዩነት ከሌለ ኃይል አያልፍም፤ መብራቱም ይጠፋል። እንግዲህ መብራቱ የሚናገረው ስለ ባትሪው ሳይሆን ስለ ዲናሞው ነው። ባትሪው አዲስ ሆኖ ቺንጊያው ቢበጠስ ይበራል፤ ባትሪው አርጅቶ ዲናሞው ደኅና ቢሆን ይጠፋል። በዚህ ስም ተሳስተው ደኅና ባትሪ ጥለው አዲስ የገዙ ሰዎች እንዳሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይናገራሉ። «የዲናሞ መብራት» ማለት ይበቃ ነበር። በሲሪስ 3 የዲናሞን ቦታ አልተርኔተር ስለ ወሰደው ስያሜው ይፈርሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሾፌሮቻችን ግን ሁለቱንም ዲናሞ ብለው ስለሚጠሩ በተግባር የሚፈርስ ነገር አይኖርም። በዚህ አጋጣሚ አምፖል ነቃዮችን የሚመለከት አንድ ነገር ላክል። በብዙ አልተርኔተሮች ሥራውን የሚያስጀምረው ጥቂት ኃይል የሚያልፈው በዚሁ አምፖል በኩል ነው፤ አምፖሉን የነቀለ ሰው ነጋሪውን ብቻ ሳይሆን የሚነገርለትንም ያሰናክላል።

ስለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚናገረው ገጽ ደግሞ ሽቦውን «ከመሬት» ጋር እንድናገናኝ ያዝዛል። እንግሊዞች የኤሌክትሪክን መመለሻ በመሬት ስም ይጠሩታል፤ ልማዱ ከሕንፃና ከቴሌግራፍ የመጣ ነው። አራት ጎማ ላይ በቆመ መኪና ግን መመለሻው ብረቱ፣ ማለትም ሻንሲው ነው። «ሻንሲ» በመኪና ሰነድ ላይ ሳይቀር የገባ የታወቀ ቃል ሆኖ ሳለ «መሬት» መባሉ የቃል በቃል ትርጉምን ጉዳት ያሳያል። ስለ ቾክ የሚናገረውን ቸል ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ቃል ብቻ። ተርጓሚው ለብርቱካናማው መብራት «የቅዝቃዜ መብራት» የሚል ስም አውጥቷል። መብራቱ የሚበራው ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾኩ ሳይመለስ ሲቀር ነው። በደባርቅ ብርድ ማለዳ ቾክ ስቦ የተነሣ ሾፌር «ቅዝቃዜ» የሚል መብራት ሲያይ ቾኩን ይበልጥ ቢስብ ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ መኪናው ጀርባ እንሂድ፤ ዋናው ክርክር ያለው እዚያ ነው። ወደ ኋላ ሲነዳ የሚበራውን ነጭ መብራት ተርጓሚው በአንድ ቦታ «የኋላ መብራት»፣ በሌላ ቦታ «የማፈግፈጊያ መብራት»፣ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ «ሪቨርስ ላይት» ብሎታል። ሦስት ስም ለአንድ ዕቃ መስጠት ራሱ ነቀፌታ ያስከትላል፤ ነገር ግን ሦስቱም ለየራሳቸው መመርመር ይገባቸዋል።

«የኋላ መብራት» አይሆንም፤ ይህ ስም ቀድሞ ተይዟል። በሌሊት ዘወትር የሚበራው ቀዩ የጅራት መብራት በሕዝብ አፍ የኋላ መብራት ነው። ቀዩ መብራት «እዚህ አለሁ» ሲል፣ ነጩ «ወደ አንተ እየመጣሁ ነው» ይላል፤ እነዚህን በአንድ ስም መጥራት በገደል አፋፍ ላይ ለቆመ ረዳት የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ለዚህ መብራት ሁለት ተግባር ይሰጠዋል፦ የኋላውን መንገድ ማሳየትና መኪናው ወደ ኋላ መሄዱን ወይም ሊሄድ መሆኑን ለሌሎች ማስታወቅ። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽንም ከ1971 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ቁጥር 23ን ለዚሁ መብራት ለይቶ አውጥቷል። በዓለም መድረክ ራሱን የቻለ ዕቃ ሆኖ የታወቀ ነገር በአማርኛ የሌላ ስም ጥገኛ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

«የማፈግፈጊያ» የሚለው ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ እንዲያውም ይህን ጸሐፊ ለአንድ ሌሊት አሳስቦታል። ማፈግፈግ ማለት ፊትን ሳያዞሩ ወደ ኋላ መሸሽ ነው። መኪናም ወደ ኋላ ሲሄድ ፊቱን አያዞርም። ከትርጉም አንጻር ቃሉ ከ«መመለስ» ይልቅ የተስማማ ነው፤ የሚመለስ መኪና አፍንጫውን አዙሮ ይሄዳልና። ሆኖም ማፈግፈግ የጦር ሜዳ ቃል ነው። የሚያፈገፍግ ሰው የገፋው ነገር አለ። መኪናውን ወደ ጋራዥ በሰላም የሚያስገባን ሾፌር አፈገፈገ ብንለው ሳቅ ይሆናል፤ የትኛውም ረዳት ከስፖኪዮው አጠገብ ቆሞ «አፈግፍግ!» ሲል አልሰማሁም። የሚሰማው «ወደ ኋላ በል! ና! ና! በቃ!» ነው። የሥራ ቋንቋ ያልተቀበለውን ቃል በመመሪያ ብቻ ለማስረጽ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

«ሪቨርስ ላይት» ደግሞ ምንም አልተተረጐመም። እዚህ ላይ ውሰት ቃል ሁሉ ይነቀፋል እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የመኪና ቋንቋችን ከሥሩ ውሰት ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስ፣ ታኮ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡና በአፋችን የተሟሹ ናቸው። የጣሊያን ጦር በጎንደር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃላቱ ግን አብረው አልተማረኩም፤ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። «ፍሬቻ» በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ሲሆን፣ የጥንት መኪኖች ለመታጠፍ ከጐናቸው ብቅ ያደርጉት የነበረውን ክንድ ያስታውሳል፤ ክንዱ ጠፍቶ ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል ሲተካው ስሙ በአማርኛም ሳይለወጥ ኖረ። እንግሊዝኛው በላዩ የተነባበረ ኋለኛ ድርብርብ ነው። ወደ ኋላ መንዣ መብራት በብዙዎቹ ነባር ላንድሮቨሮች ላይ ከፋብሪካው አልነበረም፤ ባለ መኪናዎች ራሳቸው ኋላ እያስገጠሙ ማብሪያውን በሾፌሩ ፊት ያኖሩ ነበር። ዕቃው ዘግይቶ ስለ መጣ ስሙም ከኋለኛው ድርብርብ ተወሰደ። ማርሹ ጣሊያንኛ፣ መብራቱ እንግሊዝኛ ሆነው የተራራቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጸሐፊ ሐሳብ «የኋላ ማርሽ መብራት» እንዲባል ነው። «የኋላ ማርሽ» በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤትም በጋራዥም ያለ፣ ማንም የማይስተው ስም ነው፤ መብራቱም በመደበኛው አገጣጠም ከማርሹ ጋር አብሮ የሚበራ ነው። አንድ እውነተኛ እንከን ግን አለበት። ከላይ እንደ ተባለው በነባሮቹ መኪኖች ላይ በእጅ የሚበራ ማብሪያ የተገጠመላቸው አሉ፤ በነዚህ ላይ ማርሹ ወደ ፊት ገብቶም መብራቱ በርቶ ሊቀር ይችላል። ይህ በስያሜ የማይፈታ፣ በሽቦ ብቻ የሚፈታ ነገር ስለሆነ መመሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስጠነቅቅ ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል ረዘመ የሚል ካለ፣ «የእጅ ፍሬን መያዣ»ን ሲናገር ትንፋሹ አልቆበት እንደሆነ ልጠይቀው እወዳለሁ።

የቀረው «ማስጠንቀቂያ መብራት» የተባለው ነው። መመሪያው በሾፌሩ ፊት ላሉት ትናንሽ መብራቶችም፣ መኪና ተበላሽቶ ሲቆም በአንድነት ለሚበሩት አራት ፍሬቻዎችም ይህንኑ ስም ይሰጣል። ውጤቱን አንድ ገጽ ያሳያል፦ «ከመነሣትህ በፊት የማስጠንቀቂያ መብራቱ መጥፋቱን አረጋግጥ» ይላል። የትኛው? ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ከመነሣቱ በፊት የዘይቱና የዲናሞው መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ካልበሩ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ይህም መፈተኛ ነው። አራቱ ፍሬቻዎች ግን መጥፋት አለባቸው። አንድ ስም ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞችን ተሸክሟል ማለት ነው።

«አስጠነቀቀ» የሚለው ግስ ሁልጊዜ «ማንን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ፍሬቻዎቹ የሚያስጠነቅቁት ሌላውን መንገደኛ ነው፤ የፊቱ አምፖሎች የሚናገሩት ለሾፌሩ ብቻ ነው። ስለዚህ «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ለውጭዎቹ ትተን፣ ለውስጦቹ «ነጋሪ መብራት» ብንል መልካም ይመስለኛል፤ የዘይት ግፊት ነጋሪ፣ የዲናሞ ነጋሪ፣ የረጅም መብራት ነጋሪ። «አመልካች» የሚለው ለነዳጅና ለሙቀት መለኪያዎች፣ «ጠቋሚ» የሚለውም ለሌላ መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መለኪያ መጠን ያመለክታል፤ ነጋሪ ግን ሆነ ወይም አልሆነ ብቻ ይላል። ቃሉ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ነጋሪትም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

ጥራዙን ስነቅፍ ያማረውንም መሰወር አይገባኝም። ተርጓሚው የፊቱን መብራት «ረጅም» እና «አጭር» ብሎ እንደ ሾፌሮች አነጋገር መተርጐሙ፣ ባሌስትራና ካንዴላን ለመተካት አለመሞከሩ፣ ስለ ጎማ አለዋወጥ የጻፈውም ማንም ሊከተለው የሚችል መሆኑ የሚያስመሰግነው ነው። ሰውየው መኪና ያውቃል። ጎማ ሲለወጥ አይቷል፤ የመብራቱን ሽቦ ግን የተከተለ አይመስልም። በአንዱ ገጽ «አንተ»፣ በሌላው «እርስዎ» ማለቱንም ሌላ ሰው ይንቀፈው።

ጥራዙን ስመልስ የጋራዡ ባለቤት ምን እንዳገኘሁበት ጠየቁኝ። ስለ ነጋሪውም፣ ስለ ኋላ ማርሹም ነገርኳቸው። «ነጋሪ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ካሉት በኋላ ለጊዜው ዝም አሉ፤ ስለ ኋላ ማርሹ ግን «እኛስ ሌላ ምን ብለን እናውቃለን?» አሉኝ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡና «ካልጠፋ አጥፋ» የሚለውን ፈልገው፣ በሁለቱ ቃላት መካከል «ሞተሩን» ብለው ጻፉበት፤ የደባርቁን ቅጂም ሰው ሲመጣ እንደሚያስተካክሉት ነገሩኝ።